የያንግ ማርብል ጃያንትስን ሸክላዎች ወደ ዲጂታል የመቅዳት ሥራ፦ የአሥር ሳምንት ማስታወሻ

አንደኛ ሳምንት

በካርዲፍ ከምኖርበት ሰፈር ብዙም በማይርቅ አንድ የበጎ አድራጎት ሱቅ ውስጥ ለሽያጭ የቀረቡ አሮጌ ሸክላዎችን ሳገላብጥ፣ የሦስት ወጣቶች ፊት በጥቁርና ነጭ፣ ግማሹ በብርሃን ግማሹ በጥላ ሆኖ የታተመበት አልበም አገኘሁና በ6 ፓውንድ ገዛሁት። የባንዱ ስም ያንግ ማርብል ጃያንትስ፣ የአልበሙ ርእስ ኮሎሳል ዩዝ፣ አሳታሚው የለንደኑ ራፍ ትሬድ፣ የወጣበት ዓመትም 1980 ነው። በዚህ ማስታወሻ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባንዱ በ1978 እዚሁ ካርዲፍ እንደተመሠረተ ያወቅሁት ሸክላውን ከገዛሁ በኋላ ነው። አባላቱ ሦስት ነበሩ፤ ድምፃዊቷ አሊሰን ስታተን፣ ጊታርና ኦርጋን የሚጫወተውና አብዛኞቹን ዘፈኖች የደረሰው ስቱዋርት ሞክሰም፣ እንዲሁም ባስ ጊታር የሚጫወተው ወንድሙ ፊሊፕ ሞክሰም። ከበሮ መቺ ስላልነበራቸው፣ ኤሌክትሮኒክስ የሚያውቀው ዘመዳቸው ፒተር ጆይስ በድራም ማሽን ያዘጋጀው ምት በካሴት ተቀድቶ ይጫወትላቸው ነበር፤ መድረክ ላይም የሚከፍቱት ያንኑ ካሴት ነው። ስማቸውን የወሰዱት ስለ ጥንታዊ የግሪክ ሐውልቶች ከሚናገር መጽሐፍ ሲሆን፣ ወጣት የእብነ በረድ ግዙፋን እንደ ማለት ነው። አንድ ሙሉ አልበም፣ አንድ አራት ዘፈኖች ያሉት ትንሽ ሸክላ፣ አንድ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበሩ ስድስት ሙዚቃዎች ያሉት ሌላ ትንሽ ሸክላ አውጥተው ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው ተበተኑ።

እኅቴ ከአዲስ አበባ ያመጣችልኝ፣ አባቴ ያስቀመጣቸው 40 ያህል ካሴቶች ቤቴ ውስጥ ተራቸውን እየጠበቁ ስለሆነ፣ የመቅዳቱንና የማጽዳቱን ሥራ በእነርሱ ላይ ከመሞከሬ በፊት በሌላ ነገር መለማመድ ነበረብኝ። ይህ ሸክላ ለልምምድ ይሆነኛል ብዬ ጀመርሁ። በጎረቤት ማጫወቻ ላይ አንድ ገጽ ካዳመጥሁ በኋላ ግን ልምምድነቱ ቀረና፣ ባንዱ ያወጣውን ሁሉ ፈልጌ በተቻለኝ ጥራት ለመቅዳት ወሰንሁ። ሙዚቃው ሦስት ወይም አራት ድምፅ ብቻ ያለው ነው፤ መዳፍ ገመዱ ላይ አርፎ እያፈነው የሚመታ ጊታር፣ ዜማውን ይዞ የሚሄድ ባስ፣ የደረቀ የማሽን ምት፣ ከማንም ጋር የማይሽቀዳደም የሴት ድምፅ። የቀረው ባዶ ቦታ ነው። ሸክላዬም ተቧጭሯልና በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ጭረቱና አቧራው ሁሉ ይሰማ ነበር።

ሁለተኛ ሳምንት

በቺንጊያ የሚሠራ አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ በ35 ፓውንድ ገዛሁ። ሻጩ ይሠራል ብሎኝ ነበር፤ ሞተሩ ይዞራል፣ ሳህኑ ግን አይንቀሳቀስም። ሳህኑን ሳነሣው ቺንጊያው ቀልጦ እንደ ሬንጅ ሞተሩ አናት ላይ ተጣብቆ አገኘሁት። በጥጥና በአይሶፕሮፒል አልኮል ፈቅፍቄ ለማንሣት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። አዲሱ ቺንጊያ 7 ፓውንድ ነው፤ በመጀመሪያ ያዘዝሁት ግን የአሮጌውን ርዝመት ለክቼ ስለሆነ ልክ አልመጣም። ላስቲክ ሲያረጅ ስለሚለጠጥ፣ መለካት ያለበት ቺንጊያው ሳይሆን የሚያቅፋቸው የሞተሩና የሳህኑ ዙሪያ ነው። የመጀመሪያው ቺንጊያ ተመለሰና ገንዘቡ አልባከነም፤ አራት ቀን ግን ባከነ።

መርፌው ዕድሜው ስለማይታወቅ አልተማመንሁበትምና በ42 ፓውንድ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ-ቪኤም95ኢ የተባለውን ካርትሪጅ፣ ማለትም መርፌውን የሚይዘውን ክፍል፣ ከነመርፌው ገዛሁ። ይህን የመረጥሁት፣ ሌላ ጊዜ የተሻለ መርፌ ቢያስፈልገኝ ካርትሪጁን ሳልቀይር መርፌውን ብቻ ነቅዬ መተካት ስለምችል ነው። የሚመከረው የመርፌ ጫና 2 ግራም ሲሆን፣ ከ1.8 በታችም ከ2.2 በላይም መሆን የለበትም። በክንዱ ላይ ያለውን ቁጥር አምኜ 2 ላይ አድርጌው ነበር፤ በ8 ፓውንድ የገዛሁት ትንሽ የዲጂታል ሚዛን ግን 2.7 አሳየኝ። የማጫወቻው ክንድ ላይ የተጻፈው ቁጥር ትርጉም የሚኖረው ክንዱ አስቀድሞ በትክክል ዜሮ ላይ ከተመጣጠነ ብቻ እንደሆነ ከዚህ በኋላ ተረዳሁ። በዚያ ጫና ደጋግሜ አጫውቼው ቢሆን ኖሮ መርፌው የሚሄድበትን የሸክላውን ቦይ ያለ አግባብ እበላው ነበር።

ሦስተኛ ሳምንት

ፍጥነቱ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ጠርዙ ላይ መስመሮች ያሉበትን ክብ ወረቀት አትሜ ሳህኑ ላይ አስቀመጥሁ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የዚህ አገር መብራት ልክ እንደ ኢትዮጵያው 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፣ ሳህኑ በደቂቃ 33 ከሲሶ ዙር በትክክል ከዞረ 180 መስመሮች ያሉት ክብ የቆመ መስሎ ይታያል። ከፈጠነ መስመሮቹ ወደፊት፣ ከዘገየ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። እኔ ግን ሁለት ምሽት ሙሉ የተድበሰበሰ ግራጫ ቀለበት ብቻ ነበር የማየው። ማጫወቻው ፍጥነቱ የሚዋዥቅ መስሎኝ ሞተሩን ፈታሁ፣ ዘይት አደረግሁ፣ መልሼ ገጠምሁ፤ ለውጥ የለም። ችግሩ ከማጫወቻው ሳይሆን ከጠረጴዛ መብራቴ ነበር። ኤልኢዲ ስለሆነና በውስጡ ያለው ዑደት ኤሌክትሪኩን ስለሚያስተካክለው አይርገበገብም። የድሮውን ባለ ክር አምፖል ሳበራ መስመሮቹ ወዲያው ታዩ፤ ወደፊትም ይሄዱ ነበር።

ልዩነቱን በቁጥር ያገኘሁት በሌላ መንገድ ነው። ዶሚኖ የተባለው አሳታሚ በ2007 የባንዱን ሥራዎች ሰብስቦ በሲዲ አውጥቷልና ያገለገለ ቅጂ በ11 ፓውንድ ገዝቼ ከሸክላው ጋር አስተያየሁ። አሥራ አምስቱ ዘፈኖች በእኔ ማጫወቻ ላይ ከሲዲው 28 ሰከንድ ያህል ቀድመው ያልቃሉ። ከ39 ደቂቃ ላይ 28 ሰከንድ ማለት 1.2 በመቶ መፍጠን ነው፤ በሙዚቃ ቋንቋ የአንድ ግማሽ ድምፅ አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የስታተን አዘፋፈን ያለ ምንም ማስዋብ በተራ ንግግር ቁመት ላይ የቆመ ስለሆነ ያቺ ትንሽ ከፍታ ሴትዮዋን በዕድሜ ታሳንሳታለች። የሞተሩ ሆድ ላይ ያለችውን የፍጥነት ማስተካከያ በቀጭን ካቻቢቴ ወደ ግራ እያዞርሁ መስመሮቹን አቆምኋቸው። በሶፍትዌር ዝቅ ማድረግም ይቻላል፤ ሆኖም ከምንጩ ማስተካከል እየተቻለ የተቀዳውን ድምፅ መጎተት አልፈለግሁም።

አራተኛ ሳምንት

ሸክላውን ማጠብ። የተጣራ ውኃ፣ ጥቂት አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ሁለት ጠብታ የሳህን ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽና የማይክሮፋይበር ጨርቅ፤ በጠቅላላው 9 ፓውንድ። መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት እንዳይርስ የፕላስቲክ ክዳን አስቀመጥሁበት። ስሕተቴ መቸኮል ነበር፤ ገጹ የደረቀ መስሎኝ ከ20 ደቂቃ በኋላ ስጫወተው በቦዮቹ ውስጥ የቀረው እርጥበት ከአቧራው ጋር ተለውሶ መርፌው ላይ ተከመረ፣ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ስደርስ ድምፁ የታፈነ ሆነ። መርፌውን ከኋላ ወደፊት ብቻ በሚሄድ ቀጭን ብሩሽ አጸዳሁ። ከዚያ ወዲህ በንጹሕ የተጣራ ውኃ ሁለተኛ ጊዜ አለቀልቀዋለሁ፣ ቀጥ አድርጌ አቁሜም ሌሊቱን ሙሉ አሳድረዋለሁ። ከመንጣጣቱ ቢያንስ ግማሹ ሄደ። የቀረው የአቧራ ሳይሆን የጭረት ነው፤ እርሱ በውኃ አይወጣም።

አምስተኛ ሳምንት

ከማጫወቻው ወደ ኮምፒዩተር የሚያገናኘውን ያገለገለ ኦዲዮ ኢንተርፌስ በ30 ፓውንድ ገዛሁ። የመጀመሪያው ቅጂ ከሥሩ የ50 ኸርዝ እምምታ ነበረው። ኬብል ቀየርሁ፣ ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቀልሁ፣ ጥቂት ቀነሰ። መፍትሔው ከማጫወቻው ጀርባ ተንጠልጥላ የነበረችውን ቀጭን የግራውንድ ሽቦ የማጫወቻውን ደካማ ድምፅ በሚያጎላው በፕሪአምፑ ብሎን ላይ ማሰር ብቻ ነበር።

ስድስተኛ ሳምንት

የቀረጻው ልክ 24 ቢት በ96 ኪሎኸርዝ ነው፤ በደቂቃ 35 ሜጋባይት ያህል፣ አልበሙ በሙሉ ወደ 1.35 ጊጋባይት ይሆናል። የድምፁን ከፍታ በመጀመሪያው ዘፈን ላይ ለክቼ አስቀመጥሁ፤ በኋላ ሳየው ገደቡን ያለፈው ከዘፈኖቹ የትኛውም ሳይሆን አንድ ትልቅ ጭረት ነው። ስለዚህ ደጋግሜ ቀዳሁና ከፍተኛውን ጫፍ ከገደቡ 6 ዴሲቤል ዝቅ አድርጌ አስቀረሁት፤ በ24 ቢት እንዲህ ዝቅ ማድረግ ምንም አያጎድልም።

ቀጥሎ ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማስተካከያ ሶፍትዌር ውስጥ ያለውን ጠቅታ የማስወገጃ መሣሪያ በሙሉ ገጹ ላይ አስኬድሁት። መንጣጣቱ ጠፋ፣ እኔም ደስ አለኝ፤ ሥራው አለቀ ብዬ ፋይሉን ዘጋሁ። በማግሥቱ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ግን ምቱ የደነዘዘ፣ ጊታሩም ጫፉ የተቆረጠ መስሎ ተሰማኝ። በመጀመሪያ የእኔ ጆሮ የደከመ መስሎኝ ነበርና፣ የተጸዳውን ፋይል ከመጀመሪያው ላይ ቀንሼ መሣሪያው ምን ምን እንዳወጣ ለብቻው አዳመጥሁ። ከአቧራው ጋር የድራም ማሽኑ ጠቅታዎች ተራ በተራ ተሰልፈው፣ ከእነርሱም መሐል የጊታሩ ምት መጀመሪያ አለ። ባንዱን እያወጣሁት ነበር።

ምክንያቱ ሲታሰብ ግልጽ ነው። መሣሪያው የሚፈልገው በጣም አጭር፣ ከአካባቢው በድንገት ከፍ ያለ፣ በቀጭን ድምፆች የተሞላ ነገር ነው። በአንድ ትልቅ ባንድ ቀረጻ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር በብዛት ጭረት ነው። በዚህ ቀረጻ ውስጥ ግን የማሽኑ ምት ራሱ እንዲሁ ነው፤ የታፈነው የጊታር ገመድም እንዲሁ ነው፤ በዙሪያቸው የሚደብቃቸው ሲምባል ወይም ሌላ ጊታር የለም። በአንድ ኪቦርድ ምት የተሠሩትን የካሴት ዘመን አልበሞቻችንን የሚያውቅ አንባቢ የደረቀ የማሽን ምት ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ ይህኛው ከዚያም የደረቀና ብቻውን የቆመ ነው።

የትኛው ጠቅታ የሸክላው፣ የትኛው የባንዱ እንደሆነ ለመለየት ሦስት መንገድ ሞከርሁ። በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ የሚዞር ሸክላ አንዱን ዙር የሚጨርሰው በ1.8 ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ቦዮችን አቋርጦ የሚያልፍ ጭረት በየ1.8 ሰከንዱ ይመለሳል፣ የማሽኑ ምት ደግሞ በዘፈኑ ፍጥነት ይመለሳል። ሁለቱን መለየት በስክሪኑ ላይ መለኪያ እንደ ማስቀመጥ ቀላል ሆነልኝ። ለነጠላ ጠቅታዎች ግን ይህ አይሠራምና የቀኙን ድምፅ ከግራው ላይ ቀንሼ አዳመጥሁ፤ መሐል ላይ የተቀመጠው ሙዚቃ ሲጠፋ አቧራው መርፌውን ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚመታው ጎልቶ ይቀራል። ከዚያም የሚያጠራጥረኝን ሁሉ ከሲዲው ጋር አስተያየሁ፤ በሁለቱም ላይ ካለ የባንዱ ነው። ሦስተኛው ከሁሉ አስተማማኝ ሲሆን ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ይወስዳል።

ቀድሞ የተጸዳውን ፋይል ሰርዤ ከመጀመሪያው ቅጂ እንደገና ጀመርሁ። መጀመሪያ የተቀዳውን ፋይል ሳይነኩ ማስቀመጥ እንደሚገባ ቀደም ሲል አንብቤ ስለነበር ቅጂው አልጠፋብኝም።

ሰባተኛ ሳምንት

በፖስታ ሁለት ትንንሽ ሸክላዎች ደረሱ። አንዱ በ1980 የወጣው ፋይናል ዴይ ነው፤ 14 ፓውንድ። ከመጠሪያው ዘፈን ጋር ሬዲዮ ሳይለንትስ፣ ኬክዎኪንግና የኮሎሳል ዩዝ ሌላ ቅጂ አለው።

ፋይናል ዴይ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ርእሰ ጉዳዩ የኑክሌር ጦርነት ነው፤ ዓለም ስታልቅ የሚሆነውን ስታተን የዕለቱን የአየር ሁኔታ እንደምትነግር አድርጋ ትዘምረዋለች። በ1980 ብሪታንያ ውስጥ ይህ የሩቅ ሐሳብ አልነበረም፤ መንግሥት በኑክሌር ጥቃት ጊዜ ሕዝቡ ቤቱ ውስጥ እንዴት እንደሚጠለል የሚያስረዳ መመሪያ ታትሞ እንዲሸጥ ያደረገው በዚያው ዓመት ነው። ዘፈኑን ሙሉ ከላይ አንድ ቀጭን፣ የማይቋረጥ፣ የማይለወጥ ድምፅ ይሄዳል።

እኔ ግን ዘፈኑን ከመስማቴ በፊት ሸክላውን ቀድቼ ነበር፤ ሁለቱንም ገጽ አንድ ምሽት ላይ ለመጨረስ ስል ድምፁን ዘግቼ የሞገዱን ሥዕል ብቻ እያየሁ ሠራሁ። ድምፁን በቅጥነቱና በውፍረቱ ከፋፍሎ በሚያሳየው ሥዕል፣ በስፔክትሮግራሙ፣ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋች ቀጥ ያለች መስመር አየሁ። በአምስተኛው ሳምንት ከእምምታ ጋር የተዋጋሁ ስለሆንሁ፣ ይህችም ከቻርጀር ወይም ከኢንተርፌሱ የመጣች ጣልቃ ገብ ድምፅ ናት ብዬ በጠባብ ማጣሪያ አወጣኋት። ጥሩ የተጸዳ መስሎኝ የነበረው ዘፈን የሚያምር፣ የሚያባብል ትንሽ መዝሙር ሆነ። ከሲዲው ጋር ሳስተያየው ነው የደነገጥሁት። ያቺ መስመር የዘፈኑ ዋና ነገር ናት። በእርሷ ምክንያት ነው ጆሮ ዕረፍት የሚያጣው፤ ረጋ ባለው ድምፅና በቀላሉ ጊታር ላይ አንድ ነገር ሊሆን እንደቀረበ የሚያውጀው እርሷ ናት። እርሷን ማውጣት ዘፈኑን ስለ ሌላ ነገር የተዘፈነ ያደርገዋል።

ማስተካከሉ ቀላል ነበር፤ ያልተነካው ፋይል ስላለ ወደ እርሱ ተመለስሁ። የሥራውን ቅደም ተከተል ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለወጥሁት። አሁን ማንኛውንም ቅጂ ማጽዳት ከመጀመሬ በፊት ሦስት ጊዜ ያለ ኮምፒዩተር አዳምጣለሁ፣ የሰማሁትንም በእጄ እጽፋለሁ፦ ስንት መሣሪያ፣ ምቱ የት ይገባል፣ የት ይወጣል፣ የማይቋረጥ ድምፅ አለ ወይ፣ ሽሽታው ከየት ይጀምራል። ለአባቴ ካሴቶችም ይኸው ወረቀት ተዘጋጅቷል።

ሽሽታን በተመለከተም ተመሳሳይ ስሕተት ሠርቻለሁ። ሶፍትዌሩ ሽሽታ ምን እንደሚመስል እንዲያውቅ ናሙና መስጠት ያስፈልጋል፤ እኔ ናሙናውን የወሰድሁት ከዘፈን መሐል ጸጥ ካለ ቦታ ነበር። እዚያ ያለው ግን የሸክላው ሽሽታ ብቻ አይደለም፤ የስቱዲዮው ቴፕ፣ እየሞተ ያለ የኦርጋን ድምፅና የድምፃዊቷ ትንፋሽም አለበት። ሲቀነስ ሁሉም አብሮ ሄደ። ናሙናውን በሁለት ዘፈኖች መካከል ካለው ባዶ ቦይ መውሰድና የሚቀነሰውንም 3 ዴሲቤል ብቻ ማድረግ ይሻላል። ከዚያ በላይ ሳደርገው ስታተን በብርድ ልብስ ውስጥ ሆና የምትዘፍን ትመስላለች።

ስምንተኛ ሳምንት

ሁለተኛው ትንሽ ሸክላ በ1981 የወጣው ቴስትካርድ ነው፤ 12 ፓውንድ። ስድስቱም ሙዚቃዎች ያለ ዘፈን ናቸው። ስሙ የመጣው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ፕሮግራም በማያስተላልፍባቸው ሰዓታት ያሳየው ከነበረው የማይንቀሳቀስ ምስል ሲሆን፣ ከምስሉ ጋር ቀለል ያለ ሙዚቃ ይሰማ ነበር። ባንዱ ያንን ማንም ልብ ብሎ የማይሰማውን ሙዚቃ ልብ ብሎ ሰምቶ የራሱን ሠራ። ሸክላው ንጹሕ ነው፤ በአንድ ምሽት አለቀ። አንደኛው ሙዚቃ ክሊክቶክ ስለሚባል ጠቅታ ማስወገጃውን ጨርሶ አልከፈትሁትም።

የሸክላ ማጫወቻውን ያዋሰኝ ጎረቤቴ ሥራዬን ሲሰማ ከጣሪያው ሥር አንድ ካሴት አውጥቶ አመጣልኝ። በነሐሴ 1980 ባንዱ ለቢቢሲ ሬዲዮ 1 ለሙዚቃ አቅራቢው ለጆን ፒል ፕሮግራም የተጫወታቸውን ዘፈኖች ወጣት ሳለ ከሬዲዮ የቀዳበት ነው። ሰውየው ካሴቱን ለአርባ ዓመት ሲጠብቀው ኖሮ በእጄ ሲያስረክበኝ የተሰማኝ ኃላፊነት ቀላል አልነበረም። ማጫወቻ ውስጥ ሳይገባ በፊት በእጅ ባትሪ ብርሃን አየሁትና ቴፑን ድምፁን ከሚያነበው ከሄዱ ጋር የምታጣብቀው ትንሿ ስፖንጅ ተነቅላ ወድቃለች። ሙጫው ደርቆ ነው። አምስት ብሎኖቹን በትንሽ ካቻቢቴ ፈታሁ፣ ከማይፈለግ ካሴት የነሐስ ስፕሪንጓን ከነስፖንጇ አውጥቼ ተካሁ፣ ቴፑ ሳይጠማዘዝ መልሼ ዘጋሁት። ሙሉውን አንድ ጊዜ ወደፊት አንድ ጊዜ ወደ ኋላ አጠነጠንሁት፤ ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ቴፕ ወዲያው ከተጫወተ ይይዛል።

ድምፁ ግን የደበዘዘ ነበር። የካሴት ሄድ ቴፑን በትክክለኛ ማዕዘን ካልነካ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ይጠፋሉ፤ ይህ ቴፕ የተቀዳው ደግሞ በሌላ ማጫወቻ ላይ ስለሆነ ትክክለኛው ማዕዘን የእኔ ማጫወቻ ሳይሆን የዚያኛው ነው። ቀኙንና ግራውን ደምሬ በአንድ ድምፅ እያዳመጥሁ የሄዱን ብሎን በጥቂት በጥቂቱ ሳዞር፣ አንድ ቦታ ላይ ምቱ እንደ ተከፈተ መስኮት ብሩህ ሆነ። ያቺን ቦታ በቀለም ምልክት አደረግሁባት፣ ስጨርስም ሄዱን ወደ ነበረበት መለስሁ። ከአምስቱ ዘፈኖች በካሴቱ ላይ የተሟሉት ሦስት ናቸው፤ ፋይናል ዴይ አለበት። የማትቋረጠዋ ድምፅ በሬዲዮው ሽሽታ ውስጥ እንኳ ትሰማለች። አምስቱም በ2007ቱ ሲዲ ላይ በተሻለ ጥራት ይገኛሉ፤ ይህን ካሴት የቀዳሁት ለጎረቤቴ ነው፣ አንድም ነገር ሳላጸዳ።

ወደ ኋላ የመጀመሪያውን ቅጂ ፍለጋም ሄድሁ። ባንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ የታተመው በ1979 የካርዲፍ ባንዶች ተሰባስበው ባወጡት ኢዝ ዘ ዎር ኦቨር በተባለው ስብስብ ላይ ሲሆን ሁለት ዘፈኖች አሉት፤ ራፍ ትሬድን ወደ እነርሱ የሳበውም ይኸው ስብስብ ነው። ከ1894 ጀምሮ እዚህ ከተማ ውስጥ ሸክላ ሲሸጥ በኖረው በስፒለርስ ጠይቄ ነበር፤ በዚያ ሳምንት አልነበረም። በሌላ ቦታ ያገኘሁት ዋጋ እስካሁን ካወጣሁት ገንዘብ ግማሽ የሚጠጋ ስለሆነ ተውሁት። የሙከራ ቅጂዎቻቸውን የያዘው በ2000 የወጣው ሳላድ ዴይስ ለጊዜው ይበቃኛል።

ዘጠነኛ ሳምንት

የአልበሙን ጭረቶች አንድ በአንድ በእጅ መጠገን። በኦዳሲቲ ያለው የጥገና ትእዛዝ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው እስከ 128 የድምፅ ነጥብ ብቻ ነው፤ በ96 ኪሎኸርዝ ይህ 1.3 ሚሊሰከንድ ነው። ለአብዛኛው ጠቅታ ይበቃል። ለረዘሙት ሌላ ዘዴ ተጠቀምሁ፤ ጭረቱ ብዙ ጊዜ አንዱን ጎን ብቻ ስለሚጎዳ ከደኅናው ጎን ጥቂት ሚሊሰከንድ ቀድቼ በተጎዳው ላይ አሳረፍሁ። በምሽት በአማካይ 40 ያህል ጥገና ሠርቼ በስድስት ምሽት 231 ደረስሁ። ከዚያ በላይ ሲሆን ጆሮ ይደክምና ያልተጎዳውን መጠገን ይጀምራል፤ በአራተኛው ምሽት የሠራሁትን በሙሉ አፍርሼ የደገምሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሥራ አልበሙን ከማዳመጥ በላይ አሳወቀኝ። ባንዱ በመካከለኛው ዌልስ ከዌልሽፑል ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው ፎይል ስቱዲዮ አሥራ አምስቱን ዘፈኖች በአምስት ቀን ቀድቶ ጨርሷል፤ እኔ በስድስት ምሽት የአንዱን ሸክላ አቧራ ብቻ ነው የለቀምሁት። በሞገዱ ሥዕል ላይ በሁለት የጊታር ምቶች መካከል ያለው ክፍተት ባዶ አለመሆኑ በግልጽ ይታያል፤ ገመዱ ሲታፈን የመጨረሻዋ ንዝረት፣ ባሱ ከመግባቱ በፊት የጣት መንሸራተት አለ። የኒርቫና ባንድ ድምፃዊ የነበረው ከርት ኮቤይን ይህን አልበም ከሚወዳቸው ሃምሳ አልበሞች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፣ ሆል የተባለው ባንድም በ1994 ክሬዲት ኢን ዘ ስትሬት ወርልድ የተባለውን ዘፈን እንደገና ተጫውቶታል። የሆል ቅጂ ኃይለኛ ነው፤ ክፍተቶቹን ሁሉ በጊታር ስለሞላቸው ግን ከዘፈኑ ይልቅ ክፍተቶቹ ናፈቁኝ።

አሥረኛ ሳምንት

ያልተነኩት ፋይሎች በአንድ ውጫዊ ዲስክ፣ የተጠገኑት በሌላ ዲስክ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከእያንዳንዱ ጋር ምን እንደተደረገ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ አለ፦ የመርፌው ዓይነት፣ ጫናው፣ የጥገናው ብዛት፣ የሽሽታ ቅነሳው ልክ። ወጪው ማጫወቻው 35፣ ቺንጊያው 7፣ ካርትሪጁ 42፣ ሚዛኑ 8፣ ኢንተርፌሱ 30፣ የማጠቢያ ዕቃው 9፣ አልበሙ 6፣ ሁለቱ ትንንሽ ሸክላዎች 26፣ የ2007ቱ ሲዲ 11፤ ድምሩ 174 ፓውንድ ነው። ከዚህ ውስጥ 131 ፓውንዱ ለመሣሪያና ለማጠቢያ የወጣ ስለሆነ ለሚቀጥለው ሥራም ያገለግላል።

አንድ ጭረት ቀርቷል። የአልበሙ መዝጊያ በሆነው ዊንድ ኢን ዘ ሪጊንግ ላይ፣ ሁለቱንም ጎን የጎዳ፣ በየ1.8 ሰከንዱ እየተመለሰ በጠቅላላው ሰባት ጊዜ የሚሰማ ነው። ከኦርጋኑ ጋር ስለተጣበቀ አምስቱን ጠገንሁ፣ ሁለቱን ግን በሞከርሁ ቁጥር ኦርጋኑ ይሰናከላል። ሁለቱን ተውኋቸው። ቦታቸውን ጻፍሁ፣ ሌላ ንጹሕ ሸክላ ካገኘሁ እነዚያን ሦስት ሰከንዶች ብቻ ከእርሱ እወስዳለሁ። ለጎረቤቴ ካሴቱን ከነቅጂው ትናንት መለስሁለት፤ ዛሬ ማታ የአባቴን የመጀመሪያ ካሴት ብሎኖች እፈታለሁ፣ ስፖንጇ እርሷም ተነቅላለች።